የሐጂ ግቢ

ማመልከቻው አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን ከሦስት መስመር አይበልጥም፦ አመልካቹ ሐጂ ሆቴላቸውን ሠርተው ጨርሰዋል፤ የመኪና ማቆሚያው ኮብልስቶን ስላልተነጠፈ የመጠቀሚያ ፈቃድ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ግቢያቸው በጠጠር እንዲታለፍላቸው በትሕትና ያመለክታሉ። የቀረው ሰላምታና የልማት ተሳትፎ ነው። ለትምህርት ቤት ጣሪያ የሰጡት ቆርቆሮ ሳይቀር ተቆጥሮ ገብቷል። ጸሐፊው ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት አንዱ እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ያስታውቃል።

ዘመኑ የሰሜኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ወሩ ግንቦት። እኔ መካነ ሰላም ላይ የይግባኝ ሰሚው ቦርድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቦርድ ሲባል የቆዳ ወንበርና ረጅም ጠረጴዛ እንዳይታያችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሙያ አቆመ፤ ሹሙ የግንባታ ፈቃድ ይሰጥ፣ ይከለክል፣ ሥራ ያስቆም ነበር። በእሱ ውሳኔ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበት ቦርድም እዚያው አዋጅ ውስጥ ነበረ። እኛ ዘንድ ቦርዱ ማለት ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የውሃ ቴክኒሻንና አንድ የዕድር ዳኛ ናቸው። የምንሰበሰብባት ክፍል ግማሿ አሮጌ ፋይል የተከመረባት ናት፤ ሰው ሲበዛ ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ ይናገራል።

መካነ ሰላምን ለማያውቅ፦ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ የሚገኝ የደጋ ከተማ ነው። በድሮው አጠራር የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ፣ ዛሬ የቦረና ወረዳ መቀመጫ። ወደ ምዕራብ ምድሩ ገደል ለገደል እየወረደ አባይ ይገባል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከአካባቢው ወረዳዎች የሚመጣ ብዙ ጭነት ይነካዋል። ሹፌር ሲመሽበት ሁለት ነገር ያስባል፤ ለራሱ አልጋ፣ ለመኪናው ግቢ። አልጋ የትም ይገኛል፤ ጭነት የጫነ አይሱዙ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ዘበኛ ተጠብቆለት የሚያድርበት ግቢ ግን አይገኝም። የሐጂ ንግድ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሐጂ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። በልጅነታቸው የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ሆነው ጀምረው፣ ሹፌር ሆነው፣ የራሳቸውን መኪና ገዝተው፣ ሸጠውት ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ስለ ጎማ ሲናገሩ ገበሬ ስለ በሬ እንደሚናገረው ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ሰባ ኩንታል የጫነ መኪና ቆሞ መሪ ሲያዞር አይታችኋል?» አሉን። «ኮብሉን ይነቅለዋል። ዛሬ አንዱ ይነቀላል፣ ነገ ጎረቤቱ ይላላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ጉድጓድ ነው። ወላሂ ገንዘብ ሰስቼ አይደለም። ገንዘቤን መሬት ላይ እንድበትነው ነው የምትጠይቁኝ።»

ገንዘብ ሰስተውም ነበር፤ ይህን እሳቸውም አልካዱም፣ ኋላ ሻይ ላይ ሲጠየቁ። ሆቴሉ በብድር ነው ያለቀው።

የሕንፃ ሹሟ ወጣት ሴት ናት፤ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማረች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። ከሐጂ ልጆች ታንሳለች። ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ፋይል ትከፍታለች። «ሐጂ፣ ይህ የእርስዎ ፕላን ነው?» ብላ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተሞልቶ «የኮብልስቶን ንጣፍ» የሚል ተጽፎበታል። ከግርጌው የሐጂ ፊርማ አለ። ነገሩ ይህ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ ኮብል አንጥፍ አላላቸውም። ራሳቸው ባስገቡት፣ ራሳቸው በፈረሙበት፣ ጸድቆ በተሰጣቸው ፕላን መሠረት ሥሩ ነው ያላቸው። ሕንፃ በጸደቀው ፕላን ነው የሚሠራው፤ መለወጥ የፈለገ አስቀድሞ ያስፈቅዳል።

ሐጂ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት። ፕላኑን ያሠሩት ደሴ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለአንዱ የተሣለው ግቢ ስሙ ተቀይሮ ለሌላው ይሸጣል። ለአስፋልት ዳር ቤት የታሰበው ንጣፍ ዋልካ ላይ ለሚቆም የጭነት መኪና ግቢ መጣ። ማን ያነበዋል? ባለንብረቱ የሚያነበው የክፍሉን ብዛት ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት የሄደው ግን በዚህ አይደለም። የሕግ ባለሙያው ሆቴሉ ምድብ «ለ» ነው ወይስ «ሐ» የሚል ጥያቄ አነሣ። አዋጁ ሕንፃን በሦስት ይመድብ ነበር፤ «ሀ» ተራ ባለ አንድ ወለል ቤት፣ «ለ» ምሰሶ ከምሰሶ ከ7 ሜትር በላይ የሚርቅበት ወይም ፎቅ ያለው፣ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው። ሆቴል የሕዝብ መገልገያ ነው አይደለም ተብሎ እስከ ምሽት ተነታረክን። ለግቢው ጭቃ የሚፈይደው ነገር አልነበረውም። በቃለ ጉባኤው ላይ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ነው ያሳለፍኩት፤ ዛሬም ትክክል የሠራሁ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ስብሰባ የኮብልስቶን ድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ተወካይ የሆነ ልጅ መጣ። አልጠራነውም፤ ወሬ ሰምቶ ነው። ኮብልስቶን ወደ አገራችን ከተሞች በስፋት የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም በጀርመኖቹ ጂቲዜድ እገዛ ነው፤ ዋናው ሐሳብ መንገድ ብቻ አልነበረም፣ ሥራ ነበር። አስፋልት ማሽንና ሬንጅ ከውጭ ይፈልጋል፤ ኮብል የሚፈልገው ጥቁር ድንጋይ፣ መዶሻ፣ መሮና ክንድ ነው። በድንጋይ ደግሞ የወሎ ደጋ ከማንም አያንስም። ልጁ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ ከጣቶቹ ጀርባ ላይ የድንጋይ ፍንጣሪ የቀደደው ጠባሳ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። «እኛ የምንከፈለው በፍሬ ነው» አለ። «የመንገዱ ሥራ በጀት ሲያልቅ የግለሰብ ግቢ ነው የሚያኖረን። ሐጂን ካለፋችሁ ሁሉም ሐጂ ነኝ ይላል።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «አባቴ፣ አይቀየሙኝ» አለ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁን ያውቁታል፤ የጎረቤት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁለት ወገን ያለው መስሎን ነበር። አንደኛው ወገን ሕግ፣ ጽዳትና የወጣት ሥራ፤ ሌላው የባለሀብት ኪስና የጎማ ዕውቀት። ሹሟ ጨምራ፣ ጭነት መኪና ከጭቃ ግቢ ሲወጣ ጭቃውን በጎማው ይዞ ዋናው መንገድ ላይ እንደሚያራግፈው፣ ያም ቦዩን እንደሚደፍነው አስረዳች። እውነቷን ነው። ድምፅ ሊሰጥ ነበር።

በር ላይ የቆሙ አንዲት እናት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አደግድገው። ለሌላ ጉዳይ የመጡ መስሎኝ ወረፋ እንዲጠብቁ ነግሬያቸው ነበር። «አንቱ መምህር» አሉ ሰብሳቢውን። «ጠጠሩም ኮብሉም የናንተ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

ማንም አልመለሰም።

ቤታቸው ከሐጂ ግቢ በታች ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ። አምና ከወደ ላይ ሌላ ግቢ ተነጥፎ ነበር፤ የተነጠፈው አምሮ ነው፣ ሁላችንም አይተን አድንቀናል። ሐምሌ ላይ ግን ድሮ ግቢው ውስጥ ኩሬ ሠርቶ የሚያድረው ውሃ ተሰብስቦ በአንድ በኩል ወጣ፤ የማድ ቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ በልቶ ጣለው። «ገጠር ሳለን» አሉ፣ «ሰው ፈሰሱን የጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቀ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ከተማ ስትገቡ ይህን ነገር ጣላችሁት?»

ፈሰስ የደጋ ገበሬ በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው የውሃ ማስወገጃ ቦይ ነው። ክረምት ላይ የሚደረገውን የፈሰስ ጠብ ያላየ የአማራ ገጠር ልጅ የለም። ፈሰስ ወንዝ ወይም የጋራ መውረጃ ድረስ ይሄዳል እንጂ የሰው ማሳ አፋፍ ላይ አይቆምም፤ ማን የት እንደሚያወጣ፣ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ ወሰንተኛ ከወሰንተኛ ተነጋግሮ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ፣ ቁጥር 574፣ መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ብሎ ከተማን ያስተዳድራል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛችን ላይ በነበረው ሥዕል ላይ ግቢው በአራት መስመር ተከቦ ያልቃል። ከመስመሩ ውጭ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። እናትየዋ የሚኖሩት ነጩ ወረቀት ላይ ነው።

ሐጂ ዕድሉን አላሳለፉትም። «ይኸው! ጠጠር ውሃ ይጠጣል። እኔ ለእሳቸው ብዬ ነው!» አሉ። ሳቅ ሆነ። እናትየዋ አልሳቁም፤ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አሉ ቀስ ብለው፣ ወደ ሐጂም ወደ እኛም።

ቴክኒሻኑ በቦርዱ ውስጥ ካለነው ሁሉ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። «ሄደን እንየው» አለ። ሄድን። ግቢው ሰፊ ነው፤ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያዘነብል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ግንቦት ስለሆነ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ቴክኒሻኑ ዶማ ተቀብሎ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ አወጣ። ሹሟ ሱሪዋን ሰብስባ ተንበርክካ በሜትር ለካችው። የሆቴሉ ልጅ በቢጫ ጀሪካን ውሃ አመጣ፤ ተደፋ። ውሃው ድምፅ እያሰማ ስንጥቁ ውስጥ ገባና ጠፋ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አያችሁ?» አሉ። እኔም በሆዴ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር።

«ድገም» አለ ቴክኒሻኑ። ተደገመ፤ አሁንም ገባ፣ ግን ዘግየት ብሎ። ሦስተኛው ሲደፋ ስንጥቁ ከንፈሩን እየገጠመ መጣ። የጉድጓዱ ግድግዳ አበጠ፣ አንጸባረቀ፣ ውሃው ቆመ። ሻይ ጠጥተን፣ የአስር ሶላት አዛን ተሰምቶ፣ ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ ውሃው ያው ነበር፤ ቀይ ጉንዳን ላዩ ላይ ይዋኛል። ዋልካ ሲደርቅ ይጠጣል፤ ሲረካ ግን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ ጠጠር ኖረ ኮብል ኖረ የሚወርደውን ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ይሰዳል። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ የሚመጣው መሬቱ ከረካ በኋላ ነው።

የጠጠር ጥቅም ሌላ ነው፣ ቴክኒሻኑ እንዳስረዳን። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል፤ ዶፉ በአንድ ጊዜ አይወርድም፣ እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው። ኮብል እንደ ተነጠፈ በመጋጠሚያው ትንሽ ያሳልፋል፤ ዓመት ሲሞላው ግን አፈርና አቧራ መጋጠሚያውን ይሞላውና እንደ ጣሪያ ያንሸራትታል። እንግዲህ ሐጂ ግማሽ ትክክል ናቸው፤ በጭቃው ሹሟ ሙሉ ትክክል ናት፤ በውሃው እናትየዋ። ያልተሳሳተ ሰው በሞላበት ስብሰባ ላይ መወሰን ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ላይ ያወቅሁትን እዚህ ላይ ላስገባ። ኮብሉን ያስተማሩን ጀርመኖች በገዛ አገራቸው፣ በብዙ ከተሞቻቸው፣ ባለቤቱ በሸፈነው መሬት ልክ የዝናብ ውሃ ክፍያ ያስከፍሉታል፤ ጣሪያውና የተነጠፈው ግቢው በካሬ ሜትር ይቆጠራል። ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ የሠራ ይቀነስለታል። አሜሪካም በአንዳንድ ትናንሽ ከተሞች ያለው የፕላን ቦርድ የመኪና ማቆሚያዬን ሳላነጥፍ ልለፍ የሚል ማመልከቻ ይሰማል፤ እዚያም ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ የውሃ ነው። ይህን ግንቦት ላይ ባውቀው ኖሮ ሹሟን በአንድ ዐረፍተ ነገር እረዳት ነበር።

ውሳኔው ሦስተኛ ስብሰባ ወሰደ። ሹሟ ራሷ ናት ያመጣችው፤ ይግባኝ የተባለባት እሷ ሆና ሳለ። ከበሩ ጀምሮ ሁለት መኪና ተከታትሎ የሚቆምበትን ያህል ርዝመት ኮብል ይነጠፍ፤ ጎማ ጭቃውን እዚያው አራግፎ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ደግሞ መኪና ቀጥ ብሎ ያልፋል እንጂ ቆሞ መሪ አያዞርም። ቀሪው ግቢ የላይኛው ዋልካ ተቆርጦ ይውጣ፣ ገረጋንቲ ይግባ፣ በሮለር ይደልደል፣ በላዩ ጠጠር ይፍሰስ። በታችኛው ወሰን በድንጋይ የተገነባ ቦይ ይሠራ፤ ቦዩ እናትየዋ ደጅ ላይ ሳይሆን የጋራው መውረጃ ድረስ ይሂድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ውሃው እንዳይቦረቡር ደረጃ ይኑረው። ኮብሉንም ቦዩንም ማኅበሩ ይሥራው። ሐጂ ዋጋውን በጣታቸው ሲያሰሉ አየኋቸው። ከሙሉ ንጣፍ የሚቀንስ ነው፤ እሳቸው ካሰቡት ግን የሚበልጥ። «ይሁን» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና እየደፉ።

የቀረው የቃል ጠብ ነው፤ እሱም የእኔ ድርሻ። እኔ «ተፈቅዷል» ብዬ ጽፌ ነበር። የሕግ ባለሙያው «ከግዴታ ነፃ ተደርገዋል» ካልተባለ አለ። ሹሟ ሁለቱንም አልቀበል አለች፤ «ነፃ አልወጡም፣ ፕላናቸውን አሻሻሉ» ብላ። በኔ ግምት እሷ ናት የበለጠችው። ነፃ የተደረገ ሰው ምንም አይጠየቅም፤ ፕላኑን ያሻሻለ ግን በአዲሱ ፕላን ይጠየቃል። «የፕላን ማሻሻያ ጸድቋል» ብለን ሦስት ቅጂ አወጣን፣ ማኅተም አረፈበት።

ቦዩ ሰኔ ሳይጋመስ አለቀ። ጥፍር የሌለው ልጅ ደረጃዎቹን ሲደረድር እናትየዋ ከላይ ቆመው፣ «ትንሽ ወደዚያ፣ ልጄ፣ ትንሽ ወደዚያ» ይሉት ነበር።

ያልጠበቅነው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቃለ ጉባኤው ቅጂ ከተማውን ዞረ። የወፍጮ ቤት ባለቤት አመለከተ፤ እንጨት ነጋዴው አመለከተ፤ ሁሉም «ለሐጂ እንደተደረገው» ይላል፤ ቦዩን ግን አንዳቸውም አይጠቅሱትም። መኪና ሊገባበት የማይችል ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ሳይቀር በጠጠር እንዲታለፍለት ጠየቀ። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹና፣ ከእንግዲህ ማመልከቻ የሚቀርበው የታች ጎረቤት ፊርማ ታክሎበት ነው አሉ። ተስማማን፤ በደብዳቤ አሳወቅን።

የወፍጮ ቤቱ የታች ጎረቤት ሐጂ ናቸው። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ሆቴሉ ድረስ ሄደ፤ ሐጂ ሻይ አዘዙለት፣ አነበቡት፣ መለሱለት። በማግስቱ ቢሯችን መጥተው ከበሩ ሳያልፉ፣ «ቦዩን በሥዕል ሳያሳየኝ አልፈርምም፤ የኔ ቦይ የራሴን ውሃ ነው የሚችለው» አሉ። ወፍጮ ቤቱ ቦዩን በጋራ እናስፋው አለ፤ ሐጂ ወጪው የማን እንደሆነ ይጻፍ አሉ። ነሐሴ ሲገባ ፋይሉ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።